አይዞሽ የማይሉት እትዬ ውዴ

እትዬ ውዴ ማረፋቸውን የነገረኝ ሾፌሩ ካሳዬ ነው። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት ስመርጥ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ነካኝና፣ "ስንዱ፣ አልሰማሽም መሰለኝ" አለኝ። ፊቱን ሳየው ከዘመድ አንዱ የሞተብኝ መስሎኝ ነበር። "ወይዘሮ ውድነሽ አረፉ። ደሴ ነው፤ ትናንት ተቀበሩ" ሲለኝ የያዝሁትን ሽንኩርት መልሼ ቁልሉ ላይ አስቀመጥሁት። ነጋዴዋ "አትወስጅውም እንዴ?" አለችኝ። ምን እንደመለስሁላት አላስታውስም።

ካሳዬና እኔ ከእትዬ ውዴ ጋር የሠራነው ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ነው። ከሳቸው በኋላ ብዙ አለቃ አይቻለሁ። የአብዛኞቹ ስም ጠፍቶብኛል። ዛሬም ክፍል ገብቼ አንገቱን የደፋ ልጅ ሳይ ግን መጀመሪያ የሚመጣብኝ የሳቸው ድምፅ ነው።

ጊዜው አዲሱ ሺህ ዓመት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነበር። ሞባይል ላሊበላ ገብቷል፤ ከከተማው ወጣ ሲሉ ግን አይሠራም። እኔ ከመምህራን ኮሌጅ ጨርሼ ምደባ እየጠበቅሁ ቤት ተቀምጫለሁ። እትዬ ውዴ ከዩኒቨርሲቲ ለጥናት መጥተው መረጃ ሰብሳቢ ይፈልጋሉ ሲባል ሄጄ ተመዘገብሁ። ጥናቱ ከወላጆቻቸው ተለይተው በዘመድ ወይም በባዳ ቤት ስለሚያድጉ ልጆች ነበር። ምን ይበላሉ፣ የት ይተኛሉ፣ ማን ይቆጣቸዋል፣ በምን ይቀጣሉ። በላስታና በዋድላ ገጠር እንዲህ ያለ ልጅ የሌለበት ጎጥ አልነበረም። የአንዱ እናት ሞታ አክስት ወስዳዋለች። የሌላው አባት ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ወርዶ በዚያው ቀርቷል። ሌላዋን ደግሞ "ትምህርት ቤት ይቀርባታል" ብለው ከተማ ላለ ዘመድ ሰጥተዋታል።

እትዬ ውዴ አጭር፣ ሞላ ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ነበሩ። ሲቀመጡም ሲነሡም ያቃስታሉ። እንዲያም ሆኖ ልጅ ሲያናግሩ በርጩማ ቢቀርብላቸው እንኳ አይቀበሉም። መሬት ላይ ዘፍ ይሉና ልጁ ቆሞ እንዲያነጋግራቸው ያደርጋሉ። "ልጅን ከላይ ወደ ታች እያያችሁ ምንም አትጠይቁ" ይሉናል። "ማን ይመታሃል?" ማለትም ክልክል ነበር። በሱ ፈንታ "ሲርብህ ለማን ትናገራለህ?" ወይም "ስታለቅስ ማን ያባብልሃል?" ብለን እንጠይቅ ነበር። የተመታ ልጅ መመታቱን ይደብቃል፣ የሚያባብለው እንደሌለ ግን ብዙውን ጊዜ ሳያውቀው ይናገራል ይሉ ነበር።

ከሁሉ የተለየባቸው ነገር ግን "አይዞሽ" አለማለታቸው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ልጅ እያነጋገርሁ እንባ ሲቀድመው ጭንቅላቱን ዳብሼ "አይዞህ" አልሁት። ስንመለስ መኪና ውስጥ ዞር ብለው አዩኝ።

"አይዞህ ካልሽው በኋላ ምን አደረግሽለት?"

"ላጽናናው ብዬ ነው እንጂ…"

"ማታ እዚያው ቤት ነው የሚያድረው። አይዞህ ያለችው ሴት መኪና ተሳፍራ ሄደች። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው አይዞህ ቢለው የሚያምን ይመስልሻል?"

ቁጣ አልነበረበትም። እንዲያውም ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። "እኔ ስለማልችል ነው የማልለው" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሰዎች እሳቸው ራሳቸው የሰው ቤት ተገርፈው ያደጉ ይመስላቸው ነበር። እኔም እንደዚያው አስቤ አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። "ሁሉም እንደዚያ ይለኛል። እናትና አባቴ አንድ ቀን ጥፊ ሳያሳርፉብኝ አሳደጉኝ። ደሴ ሄደሽ ጎረቤት ጠይቂ። እኔ ያልገባኝ ሌላው ሰው ይሄን እንዴት እንደሚችለው ነው።"

ገራፊዎቹንም ያዳምጡ ነበር። አንድ ጊዜ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ወዲህ ባለች መንደር አንድ ገበሬ የወንድሙን ልጅ ክንዱን ይዞ አመጣልን። በሌላ እጁ አለንጋ ይዟል። "ጠይቁት፤ ከዋሸ እኔ አለሁ" አለ። እትዬ ውዴ ልጁን ትተው ሰውየውን "እርስዎ በዚህ ዕድሜ ከማን ጋር ነበሩ?" አሉት። ሰውየው መጀመሪያ ቀለደ፣ ከዚያ እናቱን ቀብረው ሲመለሱ የተቀማውን እርሻ፣ የእንጀራ አባቱን፣ የተኛበትን የጥጃ በረት መናገር ጀመረ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አላቆመም። አለንጋውን መሬት ላይ አስቀምጦት ነበር። ስንሄድ ግን አንሥቶት ገባ። መኪናው ውስጥ "ደስ አላለዎትም? ተናገረ እኮ" አልኋቸው። "አለንጋውን ይዞ ነው የገባው" አሉኝ።

ፈንታዬን ያገኘናት ከዚያች መንደር ማዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ዳገቱ ላይ ነው። ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ ሞታለች፣ አባቷ ሁመራ እንደወረደ ወሬው የለም። የምታሳድጋት የአባቷ እኅት ዘነቡ ናት። ዘነቡ ባሏ በቅርቡ የሞተባት፣ እርሻዋን ለእኩል ሰጥታ የምትኖር፣ አበራ የሚባል የሚታዘል ሕፃን ያላት ሴት ነበረች።

ልጅቷ ስትወጣ ያየሁት ዓይኗን ነው። ሽፋኑ አብጦ፣ ውስጡ ደም መስሎ፣ ብርሃን ሲነካት ፊቷን ታዞራለች። ድምፅዋ የሻከረ ነበር። ምን እንደምትበላ፣ የት እንደምትተኛ ጠየቅኋት፤ ሁሉንም "ደህና ነኝ" እያለች መለሰችልኝ። እትዬ ውዴ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። በመጨረሻ "ስታለቅሺ ማን ያባብልሻል?" አልኋት።

"አላለቅስም።"

"አንዳንዴስ?"

"ካለቀስሁ ያቃጥለኛል" አለች።

እትዬ ውዴ በእጃቸው ተደግፈው ተነሡ። ወደ ዘነቡ ሄደው ዓይኗን ምን እንዳገኘው ጠየቁ። ዘነቡ አልደበቀችም። ከቅሉ ውስጥ ቅቤ ጎድሎ ስላገኘች ልጅቷን እጇን አስራ፣ ጋቢ ደፍታ በበርበሬ አጥናታለች።

"እኔም ታጥኘ ነው ያደግሁ፤ ምን ሆንሁ? ሰርቃ ትደግ ነው የሚሉኝ እርስዎ?" አለች።

እትዬ ውዴ ወደ ልጅቷ ተመልሰው ከፊቷ ተንበረከኩ። "አይዞሽ" አሏት። ያን ስሰማ ጥናቱ በዚያ ቀን እንዳበቃ ገባኝ። ካሳዬን ጠርተው መኪናውን እንዲያዞር አዘዙት።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ዓይኗን አጥባ ቅባት ሰጠች። ከዚያ ጉዳዩ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ወሰድናት። የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያው ወጣት፣ ሲበዛ ትሑትና የደከመው ሰው ነበር። አዝኖ አዳመጠን። አክስቷ ተጠርታ በሽማግሌ ፊት ቃል እንደምትገባ ነገረን።

"እሱ ጥሩ። ዛሬ የት ታድራለች?" አሉት እትዬ ውዴ።

"እንግዲህ… ቤቷ።"

"ሌላስ?"

"ልጅ የምናሳድርበት ቦታ የለንም ወይዘሮ ውድነሽ። የሰው ልጅ ተቀብሎ የሚያቆይ ቤተሰብም እስካሁን አልመዘገብንም። ያለኝ እኔና ይሄ ወንበር ነው።"

"እንግዲያው እኔን መዝግበኝ" አሉት።

ሕጉ ነገሩ እስኪጣራ ልጅን በአደራ ለሌላ ሰው መስጠት ይፈቅዳል። ፍርድ ቤቱም ሰጣቸው። ላሊበላ ሁለት ክፍል ተከራዩና ፈንታዬን ይዘው ገቡ።

የሆነው ሁሉ ከዚያ ወዲያ ነው። "ጥናት ነው ብለው መጥተው ልጅ ወሰዱ" የሚለው ወሬ ከኛ ቀድሞ በየመንደሩ ደረሰ። በዚያ ሰሞን ልጆች በጉዲፈቻ ውጭ አገር ይሄዱ ስለነበር ወሬው ቶሎ ታመነ። ሊሸጡ ነው ተባለ። ትናንት ቆሎ ያቀረቡልን ቤቶች በራቸውን ዘጉብን። በኮን በኩል አንዲት ሴት ስለ አንድ ልጅ በሹክሹክታ ነግራን ነበር፤ አሳዳጊዎቹ ከጥጆቹ ጋር አስረው ያሳድሩታል ብላን። ልንሄድ ቀጠሮ የያዝነው ፈንታዬን ከማግኘታችን በፊት ነው። ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲህ ያለ ልጅ አናውቅም አለን። አንዱ ሽማግሌ ብቻ "ወገል ጤና ዘመዶቹ ዘንድ ሄዷል" አሉ። ወገል ጤና ድረስ ሄድን። የሚያውቀው አልተገኘም።

እትዬ ውዴ በመንገድ ላይ ለካሳዬም ለኔም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ "የሱን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ" አሉ።

ካሳዬ "እሷንስ ትተዋት ሊመጡ ኖሯል?" አላቸው።

"አልልም። ግን እሱም አለ።"

በዚሁ ሰሞን ዩኒቨርሲቲው ደውሎ ጥናቱ መቆሙን ነገራቸው። ከደንቡ ወጥተዋል፣ የአካባቢውን አመኔታ አሳጥተውናል ተባሉ። አልተከራከሩም። "ልክ ናቸው" አሉኝ። "ልክ መሆናቸው ነው የከፋው።"

ፈንታዬ ደግሞ በዚያ ቤት ደስ አላላትም። አልጋ ተገዝቶላት መሬት ትተኛለች። ዳቦ ፍራሽ ሥር ትደብቃለች፤ እትዬ ውዴ ሻጋታውን አውጥተው በትኩስ ይተኩላታል እንጂ አንድ ቀን አላነሡባትም። ለመታጠቢያ ውሃ ሲሞቅ እንኳ ጭስ ካየች ወደ ውጭ ትሮጣለች። ቆማ ስትውል ሰውነቷን ወዲያና ወዲህ ታወዛውዛለች። እኔ ሕመም መስሎኝ ነበር። እትዬ ውዴ አንድ ቀን "ማንን አዝለሽ ነው?" አሏት።

"አበራን" አለች። "ያለ እኔ እኮ አይተኛም።"

አንድ ጠዋት ጠፋች። እኔና እትዬ ውዴ ከካሳዬ ጋር በቀጥታ ወደ ዘነቡ ቤት ሄድን። ፈንታዬ አበራን አዝላ ግቢው ውስጥ እየዘለለች ታስቀዋለች። እሷም ትስቃለች። ስትስቅ ሳያት ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር።

ዘነቡ በሩ ላይ ቆማ "እኔ አልጠራኋትም። በእግሯ መጣች" አለች። ደፋርነቷ የለም። ከስታለች፣ ከሽማግሌ ፊት ቆማ በመወቀሷ መንደሩ ሁሉ አውቆባታል። "ብቻዬን አልቻልሁም። በሚካኤል ይዤዎታለሁ፣ ሁለተኛ እጄን አላነሣባትም" ብላ እትዬ ውዴ እግር ሥር ልትወድቅ ስትል ያዟት።

እትዬ ውዴ ፈንታዬን ከፊታቸው አቆሟት። መሬት ነው የተቀመጡት፤ እሷ ከነአዘለችው ቆማለች።

"እንሂድ ወይስ ትቆያለሽ? አንቺ ያልሽው ይሆናል።"

ልጅቷ አክስቷን አየች። ወደ ኋላ እጇን ልካ የሕፃኑን እግር ያዘች።

"እሱንስ ማን ያዝለዋል?" አለች።

"የጠየቅሁሽ ስላንቺ ነው።"

"እቆያለሁ።"

እትዬ ውዴ ጥሩ ብለው ተነሡ። ስንወርድ "ልጅ ሲናገር አድምጡ እያልሁ ሳስተምር ኖሬ፣ ስትናገር እንዴት ልሻራት?" አሉኝ። ባለሙያው ሲነገረው ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሰ። ፍርድ ቤቱም አደራውን አነሣ፤ አክስቷ ቃል ገባች።

እትዬ ውዴ ግን ላሊበላን አልለቀቁም። ሥራ የላቸውም፣ ጥናቱ ቆሟል፤ በየሳምንቱ ዳገቱን እያቃሰቱ ወጥተው ዘነቡ ቤት ይቀመጣሉ። ሳሙና ይይዛሉ፣ አበራን ያቅፋሉ፣ የፈንታዬን ዓይን በብርሃን ያያሉ። ዘነቡም ለመደቻቸው። አንድ ጊዜ እሷ ራሷ ስትታጠን ምን ያህል ልጅ እንደነበረች ነግራቸው አለቀሰች። ያን ዕለት እትዬ ውዴ ሲመለሱ ቀለል ብሏቸው ነበር፤ ለካሳዬ ቀልድ ነገሩት።

ክረምቱ ገባ። ዩኒቨርሲቲው ቀርበው እንዲያስረዱ ጠራቸው። ሄዱ። ዝናቡ በረታ፣ ወንዙ ሞላ፣ እኔም መሻገር አልቻልሁም። እሳቸው ሲመለሱ ውሃው ጎደል ያለ ቀን ጠብቀን፣ መኪናውን ከወዲህ አቁመን በእግራችን ተሻገርን።

ዘነቡ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታየን አልተነሣችም። አበራ ጭኗ ላይ ነው፤ ግንባሩ ላይ የደረቀ ቁስል አለ።

"ጣለችብኝ" አለች። "ጭቃ አዳልጧት ከነልጄ ወደቀች። ደሙን ሳይ ራሴን አላወቅሁም።" ከዚያ አንገቷን ደፍታ "ውሰዷት" አለች።

ፈንታዬ ጓዳው ውስጥ ዓይኗን በጨርቅ ሸፍና ተኝታለች። ጨርቁ ከሽፋኗ ጋር ተጣብቋል። ከታጠነች ሳምንት አልፏታል፤ መግሉ በጉንጯ ወርዶ ደርቋል። እትዬ ውዴ ስሟን ሲጠሩ "አበራ ዳነ?" አለች።

ካሳዬ አዝሏት ወንዙን ተሻገረ። በዚያው ሌሊቱንም ቀኑንም ተጉዘን ደሴ ሐኪም ቤት አደረስናት። የቀኝ ዓይኗ ተረፈ። የግራው ብሌን ላይ ነጭ ነገር ጥሎ ቀረ።

ዘነቡ ተከሰሰች። ፍርድ ቤቱ ውስጥ እኔም መስክሬአለሁ። እትዬ ውዴ ምስክርነታቸውን ሲጨርሱ ዳኛው የሚጨምሩት እንዳለ ጠየቋቸው።

"አለ" አሉ። "ልጅቷን እዚያ ቤት የመለስኋት እኔ ነኝ። ይሄም ይመዝገብልኝ።"

ዳኛው ቀና ብለው አዩአቸው። "እርስዎ አልተከሰሱም ወይዘሮ።"

"አውቃለሁ" ብለው ሻሻቸውን አስተካክለው ወረዱ።

ዘነቡ ታሰረች። አበራን አያቱ ኮን ወሰዱት። ፈንታዬ ይሄን ስትሰማ ከዓይኗ ይልቅ ለሱ አለቀሰች። እትዬ ውዴ በሕግ ተቀብለው ደሴ ይዘዋት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ጥናት የሚባል ነገር አልነኩም፤ አንድ ትምህርት ቤት ገብተው ሲያስተምሩ ኖሩ። እኔ ለሥራ ደሴ ስወርድ ጥቂት ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ። ጉልበታቸው ብሶባቸው ነበር። ሻይ ያቀርቡልኛል፣ ስለ ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል፣ ስለዚያ ዓመት ግን አንሥተን አናውቅም።

ገበያ ላይ መርዶውን በሰማሁ ማግስት፣ እሑድ ከካሳዬ ጋር ለልቅሶው ተነሣን። በጋሸና፣ በኮን፣ በወገል ጤና አድርገን ስንወርድ ያን ያላገኘነውን ልጅ የፈለግንበትን መንገድ ነበር የምንሄደው።

ድንኳኑ ውስጥ ሐዘንተኛዋ አንድ ሰው ብቻ ናት። ፈንታዬ ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አድጋለች፤ ዳቦ ቤት ትሠራለች። አቅፋ ለረጅም ጊዜ ያዘችኝ፤ ከዚያ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ሰው ቀለል ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ስለ እትዬ ውዴ አነሣች፤ እንደ እናቷ አንቺ ነው የምትላቸው።

"እትዬ ስንዱ፣ ይቅር በይኝ ስትለኝ ነው የኖረችው" አለችኝ። "ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ስትተኛም ስትነሣም አይደለም። ደህና ሆነን፣ ምግብ እየበላን ድንገት። 'ያን ቀን ልጠይቅሽ አይገባም ነበር' ትለኛለች። እኔ ደግሞ 'አንቺ ምን አጠፋሽ፣ እኔ ነኝ እቆያለሁ ያልሁት' እላታለሁ። የሚያሳርፋት መስሎኝ። ፊቷ ግን ይብስበታል። ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር።"

ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገች።

"ዘንድሮ ሕመሙ ሲጠናባት እንደገና አለችኝ። እኔም ደክሞኝ ነበር መሰለኝ፣ 'አዎ፣ ልጅ ነበርሁ። እጄን ይዘሽ ልትወስጅኝ ይገባ ነበር' አልኋት። ከአፌ ሲወጣ ደነገጥሁ። ገደልኋት ብዬ።"

"ምን አለች?"

"አየችኝ፣ አየችኝና 'ምሳ በላሽ?' አለችኝ። አልበላሁም ስላት 'ሂጂ ብይ' ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቀችኝም።"

ከበሩ አዲስ ለቅሶ ደራሾች ገቡ። ፈንታዬ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና ልትቀበላቸው ሄደች።